ሊበራል ነኝ ወይስ ወግ አጥባቂ? የአንባብያን ጥያቄዎች ስለ አሜሪካ የሕዝብ አስተያየት ጥናት

ባለፈው እትም ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ላካችሁ። አብዛኞቹ ደብዳቤዎች የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። በየዜናው «ከመቶ ይህን ያህሉ አሜሪካውያን እንዲህ ያስባሉ» የሚሉን ቁጥሮች ከየት ይመጣሉ? ይታመናሉ ወይ? ለዓምዱ አዲስ ለሆናችሁ፣ እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ለዓመታት ስልክ እየደወልኩ የሰው አስተያየት ስሰበስብ የቆየሁ ሴት ነኝ። አሁን የምሠራው የተሰበሰበው መልስ ወደ ቁጥር በሚቀየርበት ክፍል ነው። ሥራውን እወደዋለሁ። ያለ አግባብ ሲሰደብ ዝም ማለት አልችልም። ሲያጠፋም መሸፈን አልፈልግም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«እኔን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም»

*እህቴ፣ እንደምን አለሽ? አሜሪካ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ዜጋ ነኝ፣ እመርጣለሁ። አንድም ቀን ግን ስልክ ደውሎ «ምን ታስባለህ?» ያለኝ የለም። አንድ ሺህ ሰው ጠይቆ ስለ አገር ሙሉ ሕዝብ ማውራት ማጭበርበር አይደለም? — የኡበር ሾፌሩ፣ ከአሌክሳንድሪያ*

ወንድሜ፣ ማጭበርበር አይደለም። ያልተደወለልህ ዕጣው ስላልወጣልህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ250 ሚሊዮን በላይ አዋቂ ሰው አለ። አንድ ሺህ ሰው ሲመረጥ ያንተ ዕድል ከሩብ ሚሊዮን አንድ ነው። ዕድሜህን ሙሉ ሳይደወልልህ ብትኖር አይገርምም።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ሺህ ሰው በትክክል በዕጣ ከተመረጠ፣ ውጤቱ ሁሉም ሰው ተጠይቆ ቢሆን ከሚገኘው የሚርቀው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ነጥብ (ማለትም ከመቶ ሦስት) ብዙም አይበልጥም። ወደ ላይም ሊሆን ይችላል፣ ወደ ታችም። «የስህተት ህዳግ» የሚባለው ይኸ ነው። ሰው ለማመን የሚቸገረው ቀጥሎ ያለውን ነው። የሕዝቡ ብዛት ለውጥ አያመጣም ማለት ይቻላል። ለሜሪላንድ ብቻም ሆነ ለመላው አሜሪካ የሚያስፈልገው ያው አንድ ሺህ ሰው ነው። አራት ሺህ ሰው ብትጠይቅ ደግሞ ስህተቱ በግማሽ ብቻ ነው የሚቀንሰው። ወጪው አራት እጥፍ፣ ጥቅሙ ግማሽ። ድርጅቶቹ አንድ ሺህ አካባቢ የሚያቆሙት ለዚህ ነው።

ዋናው አመራረጡ ነው። በ1936 ሊተራሪ ዳይጀስት የሚባል ታዋቂ መጽሔት 10 ሚሊዮን ያህል መጠይቅ በፖስታ ላከ። ከሁለት ሚሊዮን በላይ መልስ መጣለት። እስቲ አስበው፣ ሁለት ሚሊዮን! የካንሳሱ ገዥ አልፍ ላንደን ፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን ያሸንፋሉ ብሎ አወጀ። ሩዝቬልት ከ48 ግዛቶች 46ቱን ጠራርገው ወሰዱ። መጽሔቱ አድራሻዎቹን በብዛት የሰበሰበው ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነበር። በዚያ የድህነት ዘመን ስልክና መኪና የነበረው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ከደረሳቸው ሰዎች መካከልም መልሰው የላኩት በሩዝቬልት የተናደዱት ይበዙ ነበር። በዚያው ዓመት ጆርጅ ጋሉፕ የሚባል ሰው በጣም ባነሰ ናሙና ሩዝቬልት እንደሚያሸንፉ ተናገረ። መጽሔቱ ሁለት ዓመት ሳይቆይ ተዘጋ። የጋሉፕ ስም ዛሬም አለ።

አንድ ነገር ግን ልጨምርልህ። ያ 3 ነጥብ የሚናገረው ስለ ዕጣው ብቻ ነው። ስልኩን ስላላነሱት ሰዎች አይናገርም። በ1997 ፒው የጥናት ማዕከል በስልክ ሊጠይቃቸው ከፈለጋቸው ቤቶች 36 ከመቶው ይመልሱለት ነበር። በ2018 ወደ 6 ከመቶ ወረደ። አንተስ የማታውቀው ቁጥር ሲደውል ታነሳለህ? እጩ ሀ 48፣ እጩ ለ 45 ሲባል ደግሞ 3 ነጥቡ ለእያንዳንዱ ቁጥር ለየብቻው ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ህዳግ ወደ እጥፍ ይጠጋል። እንዲህ ያለውን ውጤት «እየመራ ነው» ብሎ በትልቁ የሚጽፍ ጋዜጣ ያናድደኛል።

«የቱ ጋ ነው የምመደበው?»

*ጤና ይስጥልኝ እህታችን። በቅርቡ ስልክ ተደወለልኝና እሺ ብዬ መለስኩ። ጥሩ እየሄደ ነበር። በመጨረሻ ልጅቷ «ራስዎን በጣም ወግ አጥባቂ፣ ወግ አጥባቂ፣ መካከለኛ፣ ሊበራል ወይስ በጣም ሊበራል ነኝ ይላሉ?» አለችኝ። «ምን ማለት ነው?» ስላት «እርስዎ እንደሚረዱት» ብላ ዝም አለች። ደግሜ ብጠይቃት ያንኑ ደገመችልኝ። እኔ ቤተ ክርስቲያን የማልቀር ሰው ነኝ፤ ፅንስ ማቋረጥ አልወድም። እናቴን የሚያሳክማት ግን ሜዲኬይድ፣ መንግሥት ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠው የጤና መድን ነው፤ ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም። ጠመንጃ እንደ ዳቦ መሸጡ ያስፈራኛል። ድንበሩ ደግሞ ሥርዓት ይኑረው እላለሁ። ታዲያ ምንድን ነኝ? ልጅቷስ ንቃኝ ነው? — ነርስ ረዳቷ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ*

እህቴ፣ አልናቀችሽም። ታዛ ነው። «እርስዎ እንደሚረዱት» የሚለውን ቃል እኔም በስልክ ሥራዬ ዘመን ሳልጠግብ ብዬዋለሁ። ጠያቂ ሆነሽ ስትቀጠሪ የሚነገርሽ የመጀመሪያ ሕግ «እንደተጻፈው አንብቢ» ነው። ቃል አትቀይሪ፣ አታብራሪ፣ በድምፅሽም አትደግፊ። እኔ «ሊበራል ማለት ለድሃ የሚያስብ ነው» ብዬ ባብራራ፣ ጎኔ የተቀመጠችው ደግሞ «ሊበራል ማለት ግብር የሚጨምር ነው» ብትል፣ ሁለታችን የጠየቅነው አንድ ጥያቄ መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ዝም እንላለን። ሰውየው በስልኩ ወዲያ ማዶ ሲጨነቅ እየሰማሽ ዝም ማለት ቀላል አይደለም። አንዳንዱ ይተነፍሳል። አንዳንዱ «እኔ እንጃ፣ መካከለኛ በዪው» ይላል። ያ «በዪው» ነው እንግዲህ ማታ በቴሌቪዥን ቁጥር ሆኖ የሚመጣው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። አንቺ ግራ የተጋባሽ አይደለሽም። ግራ የሚያጋባው ሳጥኑ ነው። ስለ ጽንስ፣ ስለ ጠመንጃ፣ ስለ ጤና መድን፣ ስለ ድንበር ያለሽ ሐሳብ ሁሉ ከአንድ ወገን መምጣት አለበት ያለው ማነው? አንድ ላይ ያሰሯቸው ፓርቲዎቹ ናቸው፤ እሱም በጊዜ ብዛት። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሪፐብሊካንና የዴሞክራት ደጋፊዎች ስለ ፅንስ ማቋረጥ ያን ያህል የተለያየ አቋም አልነበራቸውም። ዛሬ ግን የአንድን ሰው ፓርቲ ካወቅሽ መልሱን ሳትጠይቂው መገመት ትችያለሽ።

እንዳንቺ ያለው ሰው ደግሞ ብዙ ነው። የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲው ፊሊፕ ኮንቨርስ በ1964 ባወጣው ጥናት፣ ፖለቲካን በእውነት በሊበራልና በወግ አጥባቂ መስመር አሰካክቶ የሚያስበው አሜሪካዊ ከመቶ ሦስት እንኳ እንደማይሞላ ጽፏል። አብዛኛው ሰው የሚያስበው «ይህ ፓርቲ ለሠራተኛው ይቆማል»፣ «በዚያኛው ጊዜ ኑሮ ጥሩ ነበር» እያለ ነበር። ይባስ ብሎ ኮንቨርስ ያንኑ ሰው ያንኑ ጥያቄ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲጠየቅ አየ። ብዙዎቹ መልሳቸውን ቀያየሩ። ሐሳባቸው ተለውጦ እንዳይባል የሚለወጥበት አቅጣጫ አልነበረውም። መጀመሪያውኑ አቋም አልነበራቸውም፤ ስለተጠየቁ ብቻ መለሱ። ጥናቱ ከወጣ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ፓርቲዎቹም ዛሬ ይበልጥ ተራርቀዋል። ኮንቨርስ ያየውን ነገር ግን በስልክ ላይ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

በ1967 ደግሞ ሎይድ ፍሪ እና ሃድሊ ካንትሪል የሚባሉ ተመራማሪዎች ሌላ ነገር አሳዩ። አሜሪካውያንን በጥቅሉ ስለ መንግሥት ሲጠይቋቸው ግማሽ ያህሉ እንደ ወግ አጥባቂ መለሱ። መንግሥት እጁን ይሰብስብ፣ ሰው በራሱ ይቁም አሉ። በዝርዝር ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ ቤት ሲጠየቁ ግን ሁለት ሦስተኛ ያህሉ መንግሥት ይርዳ አሉ። በስም ወግ አጥባቂ፣ በተግባር ሊበራል። ይህ ነገር ዛሬም በየጥናቱ ብቅ ይላል። ጋሉፕ በ2024 ሲጠይቅ 37 ከመቶው ራሳቸውን ወግ አጥባቂ፣ 34 ከመቶው መካከለኛ፣ 25 ከመቶው ሊበራል ብለዋል። ከዚህ ተነስተሽ «አሜሪካውያን ሜዲኬይድ ይቀነስ ይላሉ» ብትዪ ትሳሳቻለሽ። አዘውትረው ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ጥቁር አሜሪካውያንን ተመልከቺ። ብዙዎቹ ራሳቸውን መካከለኛ ወይም ወግ አጥባቂ ብለው ይጠራሉ፤ ድምፃቸውን ግን በብዛት የሚሰጡት ለዴሞክራት ነው። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው እነዚህን ሰዎች አያውቃቸውም።

የጥያቄው ቃል ራሱ መልሱን ሲገለብጠው ላሳይሽ። ከ1972 ጀምሮ የሚካሄድ ጄኔራል ሶሻል ሰርቬይ የሚባል ትልቅ ጥናት አለ። በ1980ዎቹ ሰዎቹን ለሁለት ከፍለው ጠየቁ። ለግማሹ «አገሪቱ ለዌልፌር የምታወጣው ገንዘብ በዝቷል፣ አንሷል ወይስ በቂ ነው?» አሉ። ለሌላው ግማሽ «ለድሆች እርዳታ» አሉት። «ዌልፌር» ሲባል አንሷል ያለው ከአራት ሰው አንዱ አይሞላም ነበር። «ለድሆች እርዳታ» ሲባል ከመቶ 60 በላይ ሆነ። ገንዘቡ የሚሄደው ለዚያው ድሃ ነው! በ2013ም በሌላ ጥናት ስለ ጤና መድን ሕጉ እንዲሁ ተሞከረ። «ኦባማኬር» ሲባል 46 ከመቶው ተቃወመ። በትክክለኛ ስሙ «አፎርዳብል ኬር አክት» ሲባል የተቃወመው 37 ከመቶ ነበር። የፕሬዚዳንቱ ስም ሲገባ ደጋፊውም ጨመረ፣ ተቃዋሚውም ጨመረ፤ «አላውቅም» የሚለው ደግሞ ቀነሰ። ሰው የመለሰው ስለ ሕጉ ነው ወይስ ስለ ኦባማ?

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ሙከራ ነው። የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ ስለ «የ1975ቱ የፐብሊክ አፌርስ ሕግ» ሰው ጠየቁ። እንዲህ የሚባል ሕግ የለም፤ ፈጥረውት ነው። ከተጠየቁት አንድ ሦስተኛ ያህሉ እደግፈዋለሁ ወይም እቃወመዋለሁ ብለው መለሱ። እነዚህ ሰዎች ውሸታም አይደሉም። በስልክ የሚያነጋግርሽን ሰው ማሳፈር አትፈልጊም፤ ያላወቅሽ መምሰልም አትፈልጊም። እኛ ደግሞ ይሉኝታ የተማርነው ከእናታችን ጉያ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛ ሲደወልልሽ እንዲህ አድርጊ። ከአምስቱ የሚቀርብሽ ካለ በዪ፤ ከሌለ «አላውቅም» ወይም «ከእነዚህ ውስጥ የለሁም» በዪ። ጠያቂዋ ያን የምትጫንበት ቁልፍ አላት፣ ስክሪኗ ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ሌሎቹን ጥያቄዎች፣ ስለ እናትሽ ሜዲኬይድ፣ ስለ ጠመንጃው፣ ስለ ድንበሩ የሚጠይቁሽን በደንብ አስበሽ መልሺ። አንቺን የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።

ትራምፕ ላይ ለምን ይሳታሉ?

*ሰላም። በ2016 ክሊንተን ያሸንፋሉ አላችሁን። በ2020 ባይደን ጠራርገው ይወስዳሉ አላችሁ፤ ለጥቂት ተረፉ። በ2024 አዮዋን ካማላ ሃሪስ ይወስዳሉ ተባለ። ለምን አትተዉትም? — ተማሪው፣ ከሲያትል*

ቁጣህ ይገባኛል። ግን ሦስቱ አንድ ዓይነት አይደሉም።

በ2016 የአገር አቀፉ ጥናት ያን ያህል አልሳተም። ክሊንተን በ3 ነጥብ ገደማ ይመራሉ ተብሎ ነበር፤ በሕዝብ ድምፅ በ2 ነጥብ አሸነፉ። ግን አሜሪካ ውስጥ ፕሬዚዳንት የሚሾመው ኤሌክቶራል ኮሌጅ የሚባለው፣ ለየግዛቱ የተመደቡ መራጮች ስብስብ ነው፤ ለማሸነፍ የሚፈለገው የእነሱ 270 ድምፅ ነው። ጉዱ የፈላው ዊስኮንሰን፣ ሚቺጋንና ፔንሲልቬንያ ላይ ነው። ትራምፕ ሦስቱን የወሰዱት በድምሩ 80 ሺህ በማይሞላ ድምፅ ነው። በእነዚያ ግዛቶች ብዙዎቹ ጥናቶች መልሳቸውን በትምህርት ደረጃ አላመጣጠኑም ነበር። ኮሌጅ የተማረ ሰው ስልክ ላይ መመለስ ይወዳል። ያልተማረው ነጭ ሠራተኛ ደግሞ ወደ ትራምፕ ነጉዷል። ናሙናው ውስጥ የተማረው ከበዛ ውጤቱ ወደ ክሊንተን ያጋድላል።

2020 ይከፋል። ትምህርቱን አስተካክለውም ሳቱ። ባይደን በአማካይ በ8 ነጥብ ገደማ ይመራሉ ተባለ፤ ያሸነፉት በ4 ተኩል ነው። የእኛው የአስተያየት ጥናት ባለሙያዎች ማኅበር ራሱ በ40 ዓመት ውስጥ ትልቁ ስህተት ነው አለ። እኔ የማምነው ችግሩ የማይመልሱት ሰዎች ላይ እንደነበረ ነው። በጋዜጣም በዩኒቨርሲቲም በመንግሥትም እምነት ያጣ ሰው እኛንም አያምነንም። ስልኩን ይዘጋዋል። የዘጋውን ሰው በሒሳብ መመለስ ከባድ ነው።

ስለ ሒሳቡ ካነሳሁ ዘንድ፣ ዜና ላይ የማይነገረውን ልንገርህ። መልሱ እንደመጣ አይወጣም። «ክብደት» ይሰጠዋል። ወጣቶች ጥቂት ከመለሱ የእያንዳንዱ ወጣት መልስ ከአንድ በላይ ሆኖ ይቆጠራል። ይህ ትክክል ነው፣ አስፈላጊም ነው። ከልክ ካለፈ ግን አደጋ ነው። በ2016 አንድ ታዋቂ ጥናት ውስጥ የኢሊኖይ ነዋሪ የሆነ የ19 ዓመት ጥቁር ወጣት ነበር። እንደሱ ያለ መላሽ ስላነሰ የሱ መልስ እንደ 30 ሰው ይቆጠር ነበር። ልጁ የትራምፕ ደጋፊ ነው። አንድ ልጅ ብቻውን የአገሩን ውጤት ያነቃንቅ ነበር።

በዚያው ዓመት መስከረም ኒውዮርክ ታይምስ በጣም ደስ የሚል ነገር አደረገ። ፍሎሪዳ ላይ 867 መራጮችን ጠየቀ። ያንኑ ጥሬ መልስ ለአራት ጎበዝ ባለሙያዎች ሰጣቸው። ሰዎቹም መልሶቹም ያው ናቸው። አንዱ ክሊንተን በ4 ይመራሉ አለ፣ አንዱ በ3፣ አንዱ በ1። አራተኛው ትራምፕ በ1 ይመራሉ አለ። ማንም አላጭበረበረም። ማን ይመርጣል፣ ማን ቤቱ ይቀራል፣ ለየትኛው ሰው ስንት ክብደት ይሰጥ የሚለውን እያንዳንዱ በራሱ ፍርድ ወሰነ። ይህ የአምስት ነጥብ ልዩነት ከስህተት ህዳጉ በላይ ሌላ የማይነገር ህዳግ ነው። በጎኔ የሚሠሩት ሁሉ ይህን ጥናት በቃላቸው ያውቁታል።

አዮዋን በተመለከተ፣ አን ሴልዘር በዚያ ግዛት ለብዙ ዓመታት ሌሎች ሲሳሳቱ ልክ ስትሆን የኖረች ባለሙያ ናት። በ2024 ሃሪስ በ3 ነጥብ ይመራሉ አለች፤ ትራምፕ በ13 አሸነፉ። እኔ ግን ሴልዘርን አከብራታለሁ። የወጣላትን ቁጥር ከሌሎቹ ጋር እንዲመሳሰል ሳትነካካ አወጣችው። ብዙ ድርጅቶች ለየት ያለ ቁጥር ሲወጣላቸው ፈርተው ይደብቁታል ወይም ወደ መንጋው ይገፉታል። ይህ ለእኔ ከስህተት የባሰ ነው።

ለምን አትተዉትም ላልከው፦ ምርጫን መገመት ከሥራው ትንሹ ክፍል ነው። በ1958 ጋሉፕ በጥቁርና በነጭ መካከል የሚደረግ ጋብቻን ትደግፋላችሁ ወይ ብሎ ሲጠይቅ አዎ ያለው 4 ከመቶ ነበር። በ2021 94 ከመቶ። ያን ለውጥ ያየነው ከስልሳ ዓመት በላይ ደጋግሞ የጠየቀ ስላለ ነው።

መልእክቱን ብከፍተው?

*በስልኬ ላይ በቴክስት ሰርቬይ ይመጣልኛል። ብመልስ ስሜ መንግሥት ጋ ይደርሳል? — ስሜ ይቅር፣ ከአትላንታ*

ደኅና የጥናት ድርጅት መልስዎን ከስምዎ ጋር አያወጣም፤ ከሌሎች ጋር ደምሮ ብቻ ነው የሚያወጣው። ማን እንደላከው ካልጻፈ፣ ሊንኩም ካጠራጠረዎት አይክፈቱት። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የባንክ ቁጥር ወይም ገንዘብ የሚጠይቅ ጥናት አይደለም፤ ሌባ ነው፣ ያጥፉት። አንዳንዱ ደግሞ ጥናት መስሎ ቅስቀሳ ነው። «እገሌ ግብር ሰባት ጊዜ እንደጨመረ ቢያውቁ ይመርጡታል?» ዓይነት ጥያቄ ሲደራረብብዎት ይዝጉት። «አይደወልልኝ» ብለው የተመዘገቡበት የፌዴራል ዝርዝር ግን የጥናት ስልክን አይከለክልም። ያ ለሻጮች ብቻ ነው።

ልጆቹ እውነት እንዲህ ያስባሉ?

*ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዕድሜዬ ገፍቷል፤ የልጅ ልጆቼ እዚህ ኮሌጅ ናቸው። በ2023 መጨረሻ ከአምስት ወጣት አሜሪካዊ አንዱ የአይሁዶች ጭፍጨፋ ተረት ነው ይላል የሚል ጥናት ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። ምን ዓይነት ትውልድ ነው? — አያት፣ ከዳላስ*

አባቴ፣ ተረጋግተው ይተኙ። ያ ቁጥር ልክ አልነበረም ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱን ልንገርዎ።

ጥናቱ የተሠራው ኢንተርኔት ላይ በራሳቸው ፈቃድ ከተመዘገቡ ሰዎች ነው። እነዚህ መላሾች በጥቂት ሳንቲም ወይም በነጥብ ይከፈላቸዋል። ብዙዎቹ በእውነት ይመልሳሉ። አንዳንዶቹ ግን ቶሎ ጨርሰው ክፍያውን ለመውሰድ ያገኙትን ይነካሉ፤ ብዙ ጊዜም «አዎ» እና «እስማማለሁ» ላይ ነው የሚነኩት። ዕድሜያቸውንም እንደፈለጉ ይሞላሉ፤ ወጣት ነን የሚሉት ይበዛሉ። ፒው የጥናት ማዕከል ያንኑ ጥያቄ በአድራሻ በዕጣ ለተመረጡ ሰዎች አቀረበው። ከ30 ዓመት በታች ካሉት «ተረት ነው» በሚለው የተስማሙት 3 ከመቶ ነበሩ። ሦስትም ቢሆን ያሳዝናል። ግን ሃያ አይደለም።

ፒው ሌላም ነገር አደረገ። እንዲህ በፈቃዳቸው የተመዘገቡትን ሰዎች «የኒውክሌር ሰርጓጅ መርከብ የመንዳት ፈቃድ አለህ ወይ?» ብሎ ጠየቃቸው። ከ30 ዓመት በታች ነን ካሉት 12 ከመቶው «አዎ» አሉ። በእውነቱ እንዲህ ያለው ሰው በአገሩ ሁሉ ወደ ዜሮ የሚጠጋ ነው። እንግዲህ ጥቂት ሰው ብቻ የሚያምነውን ነገር በዚህ ዓይነት ናሙና የለካ ሰው የሚያገኘው የጣት ንክኪ ነው። ስለ ወጣቶች፣ በተለይም ስለ ስደተኛ ልጆች የሚያስደነግጥ ቁጥር ሲሰሙ መላሾቹ እንዴት ተመረጡ ብለው ይጠይቁ። ከሁሉ በፊት ደግሞ የልጅ ልጆችዎን ራሳቸውን ይጠይቋቸው።

በአማርኛ ለምን አይጠይቁንም?

*እናቴ ስለ ሁሉም ነገር አስተያየት አላት። ስልክ ሲመጣ ግን እንግሊዝኛ ስለማትችል ይዘጉባታል። እኔ ልተርጉምላት ብል እምቢ አሉኝ። ይህ ትክክል ነው? — ልጇ፣ ከሚኒያፖሊስ*

ትክክል አይደለም። አንቺን እምቢ ያሉበት ምክንያት ግን አለው። ልጅ ለእናቷ ስትተረጉም እናት በልጇ ፊት የምትለውን ነው የምትለው፤ ልጅም ትንሽ ታሳምረዋለች። ስለዚህ በአብዛኞቹ ድርጅቶች ሦስተኛ ሰው መሃል አይገባም። ጠያቂው «የቋንቋ ችግር» የሚለውን ቁልፍ ይጫንና ወደ ሌላ ቁጥር ይሄዳል። እናትሽ አስተያየት የሌላት ሰው አይደለችም፤ ያልተሰማች ሰው ናት። በእኛ ሠንጠረዥ ላይ ግን ሁለቱም ያው ባዶ ናቸው። ይህ ቁልፍ ሲጫን ባየሁ ቁጥር ያመኛል።

አብዛኛው አገር አቀፍ ጥናት በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ነው። በ2023 ኬ.ኤፍ.ኤፍ. የተባለው የጤና ጉዳዮች ተቋም ከሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋር ሆኖ ስደተኞችን ብቻ የሚመለከት ትልቅ ጥናት ሠራ። በ10 ቋንቋ ጠየቀ፤ ከሦስት ሺህ በላይ ስደተኛ መለሰ። እንዲህ ያለ ጥናት ብዙ ደክመውበታል፣ አመሰግናቸዋለሁ። ከአሥሩ ቋንቋዎች መሃል ግን አማርኛ የለም። በተራው የአንድ ሺህ ሰው ጥናት ውስጥ ደግሞ ኢትዮጵያ የተወለደ ሰው ቢገኝ አንድ ነው። እሱም «ጥቁር» በሚለው ሳጥን ውስጥ ከሌሎች ጋር ይደመራል። «በአሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን ለማን ድምፅ ይሰጣሉ?» እያላችሁ የምትጽፉልኝ፣ አገር አቀፉ ጥናት ይህን ሊነግራችሁ አይችልም። ነገርኳችሁ የሚል ካለ የራሱን ግምት ነው የሚነግራችሁ።

መንገዱ ያለው በአካባቢ ደረጃ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ በ2004 ባወጣችው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ ምክንያት የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ወሳኝ ሰነዶችን በአማርኛ ያወጣሉ። የ2020 የሕዝብ ቆጠራም የአማርኛ መመሪያ ነበረው። ይህ የመጣው ሰው ስለጠየቀ ነው። እናንተም ካውንቲው (የአካባቢያችሁ አስተዳደር) ስለ ጤና፣ ስለ ትምህርት ቤት ወይም ስለ አውቶቡስ መስመር የነዋሪ አስተያየት ሲሰበስብ «በአማርኛ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ በጽሑፍ ጠይቁ። መጠይቁ በወረቀት በፖስታ ከመጣ ደግሞ ደብዳቤውን አንብቢው። አንዳንዶቹ በሌላ ቋንቋ ለመመለስ የሚደወልበት ቁጥር ከጀርባው ላይ አላቸው። ብዙውን ጊዜ «ከቤቱ አዋቂዎች መካከል ልደቱ በቅርብ ያለፈው ሰው ይሙላው» ይላል። ያ ሰው እናትሽ ከሆነች ለአባትሽ አትስጪው፣ አንቺም አትሙዪላት። ቁጥሩ ጋ ደውለሽ «የተመረጠችው እናቴ ናት፣ አማርኛ ተናጋሪ ናት» በያቸውና የሚሉሽን ጻፊልኝ።